ፌቨን ሚዛን አለፈች

ሚልክያስ ሚስቱን ለሚዛን ማሰልጠን የጀመረው ሻይ ውስጥ ጨው ስትጨምር ያያት ዕለት አይደለም። ይሄ በማንም ላይ ይደርሳል። የጀመረው ጨው የገባበትን ሻይ እስከ አተላው ጠጥታ «ዛሬስ እንዴት ይጣፍጣል!» ያለች ዕለት ነው።

በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ ሚዛንን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የጤና ሰዎቹ «ዓመታዊ የግንዛቤ ምዘና» ይሉታል፣ ሕዝቡ ግን ሚዛን ብሎት ቀረ። በወላጆቻቸው ጊዜ፣ መርሳት የጀመረውን ሰው ሐኪም ፊቱ አስቀምጦ፣ ሰዓት ሣል፣ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስክ ቁጠር፣ እነዚህን አምስት ቃላት ያዝልኝና ቆይተህ ትነግረኛለህ የሚልበት ተራ ጥያቄ ነበር። ውጤቱ ለሐኪሙ ፍንጭ ከመስጠት ያለፈ ሥልጣን አልነበረውም። ኋላ ባንኮቹ አዛውንቶች በአጭበርባሪ እየተዘረፉ ነው ብለው ውጤቱን መጠየቅ ጀመሩ። ከባንኮቹ ፍርድ ቤት ወሰደው፣ ከፍርድ ቤት የትራፊክ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ባቡሩ፣ ከዚያ የመኖሪያ ቤት በር። ክፉ አስቦ ያደረገው ሰው የለም። እያንዳንዱ እርምጃ ትልልቅ ሰዎችን ከጉዳት ለመጠበቅ የተወሰደ ነበር።

ስልሳ ዓመት የሞላው ሁሉ በዓመት አንዴ ይመዘናል። ያለፈ ሰው ጣቱ ይሠራል፤ በር ይከፍትበታል፣ ይገዛበታል፣ ይፈርምበታል፣ ይሳፈርበታል። የወደቀ ደግሞ «ባለሞግዚት» ይባላል፣ ጣቱም ይዘጋል። ሞግዚት የሚሆነው ሰው ካለ ቤቱ ይቀመጣል፤ ከሌለ የአዛውንቶች መኖሪያ ይገባል፤ ወንዶቹ ከአዋሽ ወዲያ፣ ሴቶቹ በጅግጅጋ መንገድ። ባልና ሚስት አብረው የሚገቡበት መኖሪያ አልነበረም። ታቅዷል ይባል ነበር።

ሚልክያስ ዕድሜውን የፈጀው የሳቢያን ልጆችን ኳስ በማሰልጠን ነው። ፌቨን ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ስትሰፋ ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። ልጅ አልወለዱም። በየዘመኑ ቤታቸው እየመጡ ሩዝ በልተው የሚሄዱት ተጫዋቾች ልጆቻቸው ነበሩ፤ እነሱም አድገው በየአገሩ ተበትነዋል። ሚልክያስ ከዚያ ሥራ ይዞት የቀረ አንድ እምነት ነበረው። ሰው ራሱ ቢረሳ እግሩ አይረሳም ይላል። ደጋግመህ ደጋግመህ ያስገባኸው ነገር ልብ ቢከዳ እንኳ ይወጣል።

ስለዚህ ነጋ ጠባ ዶሚኖ የሚጫወቱት ጡረተኞች ዘንድ እየሄደ ያለፈውንም የወደቀውንም ምን ምን እንደተጠየቀ ይጠይቅ ጀመር። ቃላቱ ብዙ አይደሉም። ይቀያየራሉ እንጂ ዞረው የሚመጡት እነዚያው ናቸው። ሁሉንም ሰብስቦ በስታዲየም ጭብጨባ ምት ገጣጠማቸውና ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት ፌቨንን ያስጠናት ገባ።

«ገመድ!» ይላታል።

«ገመድ፣ ሎሚ፣ ድልድይ፣ አክስት፣ ቀይ!» ትላለች ጠረጴዛውን በመዳፏ እየመታች።

«መቶ!»

«ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ዘጠኝ፣ ሰባ ሁለት፣ ስልሳ አምስት!»

«ቀኑስ?»

ፌቨን ዞር ብላ ከግድግዳው ላይ ታነባለች። እሱን አስተምሯታል። የትም ቢሆን ቀኑ የተጻፈበት ነገር አይጠፋም፣ ዓይንሽን አንሺ ብሏታል።

«እንደገና!»

«አቦ ደከመኝ ሚልኬ።»

«አንዴ ብቻ። የመጨረሻ።»

አንድ ጠዋት እጇን ከጠረጴዛው አንስታ አየችው። «ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?» አለችው።

«ለጨዋታው ነዋ።»

«ከማን ጋር ነው የምንጫወተው?»

«ጎበዝ ቡድን ነው» አላት ሚልክያስ። ፌቨን ራሷን ነቀነቀችና እንደገና ጠረጴዛውን መምታት ጀመረች።

የምዘናው ጥሪ ለሁለቱም በአንድ ቀን ደረሰ። ሚልክያስ ስለ ራሱ አንዴም አላሰበም። የልጆቹን ስም ከነመለያ ቁጥራቸው፣ ማን በየትኛው እግሩ እንደሚመታ ሳይቀር ያስታውሳል፤ የእሱ ነገር የሚያሳስብ አልነበረም። ያን ዕለት ጠዋት የፌቨንን ፀጉር አበጠረላት፣ ሰማያዊ ቀሚሷን መረጠላት፣ መንገድ ላይ እየሄዱም ቃላቱን በሹክሹክታ አስደገማት።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የምዘና ክፍሎቹ ጎን ለጎን ናቸው። ከሻወር ቤት አይሰፉም፣ የሚለያያቸውም ስስ ግድግዳ ነው። ፌቨን ወደ አንዱ ገባች፤ እሱ ወደሚቀጥለው።

«እንደምን አደሩ አቶ ሚልክያስ» አለ ከፊቱ ያለው ድምፅ። ለስላሳ የሴት ድምፅ ነው፣ የየትኛውም ሰፈር ያልሆነ አማርኛ። «አምስት ቃላት እነግርዎታለሁ። በኋላ መልሼ እጠይቅዎታለሁ። ዝግጁ ነዎት?»

«ዝግጁ ነኝ።»

ድምፁ ቃላቱን መናገር ሲጀምር ከግድግዳው ማዶ የፌቨን ድምፅ መጣ። «ዘጠና ሦስት» አለች። «ሰማንያ ስድስት።» ከዚያ ፀጥ አለች።

ሰባ ዘጠኝ፣ አለ ሚልክያስ በልቡ። ሰባ ዘጠኝ በይ እንጂ ፌቪ። ሜዳ ዳር ቆሞ ተጫዋቹ ፍፁም ቅጣት ምት ሊመታ ሲንደረደር እንደሚሆነው ጣቶቹን አቆላልፎ ጨመቃቸው። በመጨረሻ ከማዶ ጧ! ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ፌቨን ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች፤ ምቱን አገኘችው። «ሰባ ዘጠኝ፣ ሰባ ሁለት፣ ስልሳ አምስት!»

«ጎበዝ!» አለ ሚልክያስ ጮክ ብሎ።

«አቶ ሚልክያስ፣ ይቀጥሉ እባክዎ።»

«ምን ልቀጥል?»

ድምፁ በትዕግሥት ደገመለት። ሰዓት እንዲሥል ነበር የተጠየቀው። ክቡን ሠራ፣ ቁጥሮቹን መደርደር ጀመረ፤ መሐል ላይ ፌቨን እንስሳት ስትቆጥር ሰማና ቆመ። ፍየል ብላ ነበር፣ አሁን እንደገና ፍየል አለች። ግመል በይ፣ አላት በልቡ፣ ግመል ቀርቶሻል። ግመል ስትል እጁን በደስታ አወናጨፈ፣ የሰዓቱ ዘንግ ግን ሳይሣል ቀረ። በመጨረሻ ድምፁ መጀመሪያ ላይ የነገረውን አምስት ቃላት ጠየቀው። ሚልክያስ ምንም ሳያመነታ፣ በሙሉ ልብ፣ «ገመድ፣ ሎሚ፣ ድልድይ፣ አክስት፣ ቀይ» አለ።

የእሱ ቃላት ሌሎች ነበሩ።

ውጤቱን የነገረቻቸው ወጣት ሠራተኛ መጀመሪያ በፈገግታ ወደ ፌቨን ዞረች። «እማማ ፌቨን፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሙሉ ነው።» ከዚያ ሚልክያስን አየችውና ፈገግታዋን ሰበሰበች። የእሱን ውጤት ግን የተናገረችው ለፌቨን ነበር። «ባለቤትዎ ግን አላለፉም። ከአሁን በኋላ ሞግዚታቸው እርስዎ ነዎት። ብዙ አይከብድም፣ እናሳይዎታለን።»

«የኔ እመቤት፣ ስህተት አለ» አለ ሚልክያስ። «እኔ እኮ የ—» አለና ቆመ። እኔ የእሷን እየሰማሁ ነበር ሊል ነበር። ለምን እንደሚሰማት ቢጠይቁትስ? እኔ ነኝ ያስጠናኋት ካለ እሷም ትወድቃለች። አፉን ዘጋ።

«እማማ፣ ይግባኝ ይላሉ?» ጠየቀች ሠራተኛዋ። «ይግባኝ የሚጠይቀው ሞግዚት ነው።»

ፌቨን ደክሟታል። ጫማዋ ጠብቧት አንዱን እግሯን ከሌላው ላይ ጭናለች። «አይ» አለች። «ይበቃል። ወደ ቤት እንሂድ።»

«ፌቪ፣ አዎ በያት። አዎ በይ!»

«አባባ፣ ሞግዚትዎን አይጫኑ» አለችው ልጅቷ፣ ክፋት በሌለበት ድምፅ። ይህ ዓረፍተ ነገር በሥልጠና የተማረችው ነበር።

መንገድ ላይ ፌቨን ክንዱን ያዘችው። «ወደቅህ እንዴ ሚልኬ?»

«ወደቅሁ።»

«አይዞህ» አለችው። «የመልስ ጨዋታ አለ አይደል?»

ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሯቸው ይህን ይመስል ነበር። ጠዋት በሩን የምትከፍተው ፌቨን ናት። ሚልክያስ እጇን ይዞ ወደ በሩ ይወስዳትና ጣቷን እንድታስነካ ይነግራታል፤ አንዳንድ ቀን ለምን እንደሆነ ትጠይቀዋለች፣ አንዳንድ ቀን በሩ ፊት ቆማ ትስቃለች። ሱቅ ሲሄዱ ባለሱቁ፣ ለዓመታት ጋሽ ሚልክያስ ሲለው የኖረው ሰውዬ፣ ዕቃውን ለእሱ ይሰጥና ፈቃዱን ከእሷ ይጠይቃል። «እትዬ፣ ሁለት ዳቦ ይውሰድ?» ይላል። ፌቨን «ይውሰድ፣ ይውሰድ» ትላለች እንደ ንግሥት። ስልክ መደወል ሲፈልግ «ፈቅጃለሁ» የሚለው የእሷ ድምፅ ይቀድማል። የደም ግፊት መድኃኒቱን ሊወስድ ሲሄድ ፋርማሲስቷ አወሳሰዱን እሱን ትታ ለፌቨን ታስረዳለች፣ ፌቨንም በትጋት ራሷን ትነቀንቃለች፤ ከበሩ እንደወጡ ግን «ሰውዬው ምን ታሞ ነው?» ትለዋለች።

የሚያውቋቸው ሰዎች አልራቋቸውም፤ ሰላምታው ብቻ አቅጣጫ ቀየረ። ዶሚኖ የሚጫወቱት ጡረተኞች ሲመጣ ቦታ ይለቁለታል፣ ነጥብ ግን አያስቆጥሩትም። እሱም መሄድ ተወ።

ጎረቤታቸው ረምላ ብቻ እንደ ድሮው ትሰድበው ነበር። ጨርቅ ነጋዴ ናት፣ ደፋር፣ ባሏን ቀብራ ብቻዋን የቀረች። አንድ ከሰዓት ግቢያቸው መጥታ ፌቨን ሸሚዝ ገልብጣ ስትለብስ አይታ ሚልክያስን ወደ አጥሩ ጠራችው።

«አቦ፣ የታመመችው እሷ አይደለችም እንዴ?» አለችው።

«ዝም በይ ረምላ።»

«አንተ ደህና ነህ። እሷ ናት የሄደችው። ሰው ሁሉ አብዷል?»

«ብትወድቅ ሞግዚት የለንም። እኔን በዚያ፣ እሷን በዚህ ይወስዱናል። አርባ ዓመት አብረን ተኝተን፣ የማታውቀው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ስትነቃ ይታይሽ።»

ረምላ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ቆየች። «እና እስከ መቼ?» አለች።

«እኔ እስካለሁ።»

ስለዚህ ልምምዱ ቀጠለ። አሁን ለዓመቱ ምዘና ብቻ አልነበረም። ባቡር ጣቢያው፣ ባንኩ፣ ትልልቆቹ ገበያዎች በራቸው ላይ አጭሯን ሚዛን አስገብተው ነበርና፣ ፌቨን በሄደችበት ሁሉ ቃላቱን ታወጣለች፣ ከመቶ ትቀንሳለች፣ በሩም ይከፈትላታል። እሱ ደግሞ ከኋላዋ እንደ ዕቃዋ ይገባል። ስሟን የምትረሳበት ቀን መጣ፤ ገመድ፣ ሎሚ፣ ድልድይን ግን አልረሳችም። ሚልክያስ ይህን ሲያይ አንዳንዴ የአሰልጣኝ ኩራት ሽው ይለውና ወዲያው ያፍራል።

ክረምቱ ሲወጣ ፌቨን እሱን በሟች ወንድሟ ስም ትጠራው ጀመር። ቀጥሎ «አንተ ሰውዬ» አለችው። ሚልክያስ ቻለው። ሰው ሚስቱ በሌላ ስም ስትጠራው አቤት ማለት ይለምዳል። አንድ ቀን ጠዋት ግን ፀጉሯን ሊያበጥርላት ማበጠሪያውን ሲያነሳ እጁን መትታ ከወንበሯ ተነሳችና በሩ ጋ ሄዳ ቆመች። ዓይኖቿ ፈጥጠዋል።

«ቤቴ ውስጥ ሰው አለ» አለች ለበሩ። «የማላውቀው ሰው። አውጡልኝ።»

በሩ የሞግዚትን ቃል ሰምቶ ያስተላልፋል። እኩለ ቀን ሳይሞላ የማኅበራዊ ክብካቤ ነርስ መጣች። ሲስተር ሲፈን ትባላለች፣ ገና ልጅ ናት፣ ዓይኗ ግን ብዙ ቤት ገብቶ የወጣ ሰው ዓይን ነው። ፌቨን በዚህ ጊዜ ረስታው ሶፋው ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። ሲፈን አየቻት፤ ልጣጩን ጎን ለጎን እየደረደረች ፍሬውን መሬት ስትጥል አየቻት። ከዚያ ሚልክያስን ወደ ጓሮ ጠራችው።

«አባባ፣ የእርስዎን ቃል መመዝገብ አልችልም» አለችው። «ግን ልጠይቅዎ። እማማ ደህና ናቸው?»

ሚልክያስ መልሱን ለረጅም ጊዜ ሲፈራው የኖረው ጥያቄ ነበር። ደህና ናት ቢል፣ ሞግዚቱ አልፈልገውም ያለችው ሰው ስለሆነ ይወስዱታል፣ ፌቨንም ምድጃ እያቀጣጠለች ብቻዋን ትቀራለች። ደህና አይደለችም ቢል ትመዘንና ትወድቃለች፣ ሁለቱም ይወሰዳሉ፣ ቢያንስ ግን የሚያጎርሳት ሰው ይኖራል። ለዓመት ያህል አብሮ ለመኖር ሲል ያላደረገው ነገር አልነበረም። አሁን አብሮ መኖር ከሁለቱም መልስ ውስጥ ወጥቷል።

«አይደለችም» አለ። «ከድሮም አይደለችም። እኔ ነኝ ያስጠናኋት። መዝኗት።»

በሕይወቱ ተጫዋች አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም።

ሲፈን በራሷ ሥልጣን ምዘና አዘዘችና እዚያው ሳሎን ውስጥ መሣሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አቆመች። ያው ለስላሳ ድምፅ ፌቨንን እንደምን አሉ አላት። ፌቨን ብርቱካኗን አስቀመጠች፣ ቀና አለች፣ ፊቷ ላይ ከወራት በኋላ ብርሃን መጣ። እጇን ዘረጋችና ጠረጴዛውን ጧ! አደረገችው።

ሁሉንም መለሰች። ቃላቱን ገና ሲነገሯት በምት ያዘቻቸው፤ ሚልክያስ ካስጠናት ስብስቦች አንዱ ነበር። ከመቶ እየቀነሰች ወረደች። እንስሳቱን ስትቆጥር ግመልን አልረሳችም። ቀኑን ስትጠየቅ ዓይኗን ወደ ግድግዳው አነሳች። ሰዓት ሣለች፣ የልብስ ሰፊ እጇ ሳይንቀጠቀጥ ዘንጎቹን ቀጥ አድርጎ። ሚልክያስ በሩ ጋ ቆሞ ከንፈሩ ሳይታወቀው አብሯት ይንቀሳቀስ ነበር። ሳቺ፣ አላት በልቡ። እባክሽ ፌቪ፣ አንዷን ሳቺ።

«ሙሉ» አለ መሣሪያው።

ሲፈን መሣሪያዋን ለረጅም ጊዜ አየችው። «እማማ» አለች በመጨረሻ በጣቷ ወደ ሚልክያስ እያመለከተች፣ «እኚህ ሰው ማን ናቸው?»

ፌቨን አየችው። በጨዋነት ፈገግ አለች። «አላወቅኋቸውም» አለች። «ሊወስዷቸው የመጡ ከሆነ ግን ምሳ ይብሉና ይሂዱ።»

«አየሽ?» አለ ሚልክያስ። «አየሽ አይደል?»

«አይቻለሁ አባባ።» የሲፈን ድምፅ ዝቅ አለ። «ያየሁትን ብጽፍ፣ በምን መዘንሽው ይሉኛል። ዓይኔ መለኪያ አይደለም። ባለፈው ዓመት እንዲህ የጻፈች ባልደረባ ነበረችኝ። አሁን ክትባት መጋዘን ውስጥ ናት።»

ሲፈን የሚልክያስን ልብስ አንድ ቦርሳ ውስጥ ከተተችለት፤ እሷው ናት በእጇ አጥፋ ያስገባችለት። ሊወጣ ሲል ረምላ ከአጥሯ እየጮኸች መጣች። ሚልክያስ ምድጃውን ብቻ እንድትጠብቅለት ለመናት። ፌቨን በሩን በጣቷ ከፍታ አስወጣችው። እንግዳ ሲሸኝ እንደሚባለው «ደህና ይግቡ» አለችው።

ከአዋሽ ወዲያ ያለው መኖሪያ ንጹሕ ነው። ምግቡ ይበላል፣ አልጋው አይቆረቁርም፣ የሚሳደብ ሠራተኛ የለም። ገና በገባ ሰሞን መዘኑት። በዚህኛው ክፍል ግድግዳ ማዶ ማንም አልነበረም፣ ሚልክያስ አንድም ሳይስት መለሰ። የመዘነው ሐኪም ውጤቱን አይቶ ራሱን ወዘወዘ።

«ይሄ በሽታ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም አባባ» አለው። «ወደ ላይ የሄደ ውጤት የተጠና ውጤት ነው። ማን አስጠናዎት?»

ሚልክያስ ሳቅ መጣበት። ሲስቅ ያየው ሐኪም ያንንም ጻፈ።

እዚያ ያሉት ሽማግሌዎች ግማሹ በእርግጥ የታመሙ ናቸው። የቀሩት ጆሮ የከዳቸው፣ ሐዘን ላይ ሳሉ የተመዘኑ፣ ትኩሳት ይዟቸው የሄዱ፣ አማርኛው ጠፍቶባቸው በሶማሊኛ የመለሱ ናቸው። ማን ከየትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሚልክያስ መጀመሪያ ላይ ይሞክር ነበር። ከጊዜ በኋላ ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ። የሚጠይቀው የሌለው ሰው ቀስ በቀስ መልስ ማዘጋጀት ይተዋል።

አንድ እሑድ ረምላ መጣች። ሐልዋ በፌስታል ይዛለች፣ ቁጭ ከማለቷ በፊት ግን ሚልክያስ ፊቷን አይቶ አወቀ።

«ሞተች?» አላት።

«አልሞተችም። አላውቅም። ሄደች።»

«ወዴት?»

ረምላ ሻርፗን እየጠመዘዘች ነገረችው። እሷ ጨርቅ ልታወርድ ገበያ በሄደችበት ሰዓት ነው የሆነው። ፌቨን ደህና ጫማዋን አድርጋ፣ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ ወጥታለች። ማዶ ያለው ባለሱቅ ወዴት ነሽ ቢላት፣ ባሌ ጨዋታ ሄዶ ቀረብኝ፣ ልፈልገው ነው አለችው። እሱም ሙሉ መሆኗን ስለሚያውቅ መልካም መንገድ ተመኝቶላት ሸኛት። የበሮቹ መዝገብ እንደሚለው ባቡር ጣቢያው በር ላይ ተጠየቀች፣ አለፈች። መተሐራ ወርዳ እንደገና ስትሳፈር ተጠየቀች፣ አለፈች። አዳማ ላይም አለፈች። ከአዳማ በኋላ የነካችው በር የለም።

«ባሌ አለች?» አለ ሚልክያስ።

«ባሌ አለች።»

በአውቶቡስና በባቡር፣ በሰው መሐል፣ የማታውቃቸው ከተሞች ውስጥ እየገባች ስትወጣ፣ በየበሩ ጧ! እያደረገች ሲከፈትላት ታየው። አንድ ጊዜ፣ አንድ በር ላይ ብቻ ብትሳሳት ኖሮ የሚይዛት ሰው ነበር።

«ፖሊስ ጋ ሄድሽ?»

«ሳልሄድ እቀራለሁ! ስሟን አስገቡና ሚዛኗን አዩ። ሙሉ ናት አሉኝ። ሙሉ ሰው ከቤቱ ቢወጣ ጠፋ አይባልም፣ ሄደ ነው የሚባለው አሉኝ። ዘመድ ነሽ? አሉኝ። ጎረቤት ነኝ አልኳቸው። እንዲፈለግ ማመልከት የሚችለው ባል ነው አሉ።»

ሚልክያስ ተነሳ። ሐልዋውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ረምላን እጇን ይዞ፣ በረጅሙ ኮሪደር ወደ አስተዳደሩ መስኮት ሄደ። ከፊቱ ሰዎች ነበሩ፣ ተራውን ጠበቀ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ወጣት ትሑት ልጅ ነው፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጠው፣ መሐል ላይ ከንፈሩን መጠጠለት።

«አዝናለሁ አባባ። ማመልከቻውን እኔው አዘጋጅልዎታለሁ» አለው። «ባለሞግዚት ስለሆኑ ግን በሞግዚትዎ ነው የሚፈረመው። ሞግዚትዎ ማን ናቸው?»

«እሷ ናት» አለ ሚልክያስ። «ፌቨን ናት።»

ልጁ ስሟን ፈልጎ አገኘ። ከስሟ ጎን ያለውን ሲያይ ፊቱ ተፈታ፤ ችግር ይኖራል ብሎ ሰግቶ ነበር።

«ጥሩ ነው፣ ሙሉ ናቸው» አለው። «እንግዲያው ሲመጡ ይፈርሙልዎታል።»